«ቻርተር» ስንል ምን ማለታችን ነው? የመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጽሑፎችና የትርጓሜያቸው ችግር

መግቢያ

«ቻርተር» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ጽሑፍ ከገባ ቈይቷል። በ1945 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር፣ በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር፣ በ1991 የወጣው የኢትዮጵያ የሽግግር ወቅት ቻርተር፣ እንዲሁም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቻርተር ቃሉን ለአንባቢ አለማምደውታል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቻርተር ማለት የአንድ ማኅበር፣ የአንድ ከተማ ወይም የአንድ መንግሥት መቋቋሚያ ሰነድ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገር ግን ተርጓሚው ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሚናገር የታሪክ ወይም የሕግ መጽሐፍ ሲገጥመው፣ ይህ የለመደው ትርጕም አያገለግለውም። በዚያ ዘመን ቻርተር የሚባለው በብራና ላይ የተጻፈ፣ በማኅተም የጸና፣ መሬትን ወይም መብትን ለተቀባይ የሚያስተላልፍ ጽሑፍ ነበር። ተርጓሚው ይህን «ሕገ መንግሥት» ቢለው ገና ያልነበረ ነገር እንደ ነበረ አድርጎ ያቀርባል፤ «ውል» ቢለው ንጉሡንና ተገዢውን እኩል ተዋዋዮች ያደርጋቸዋል፤ «ዐዋጅ» ቢለው ደግሞ ንጉሡ የፈለገውን ያዘዘበት፣ በፈለገም ጊዜ የሚሽረው ቃል ይመስላል። ከሦስቱ ቃላት የትኛውም ቢመረጥ ከቃሉ ጋር አንድ የተሳሳተ ታሪክ አብሮ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን አመጣጥና የጽሑፉን ጠባይ በእንግሊዝ ምሳሌነት ማስረዳት፣ በአገራችን ካለው የጉልት ጽሑፍ ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅም ሐሳብ ማቅረብ ነው። በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ቻርተር በመልኩ ስጦታ ነው፤ የንጉሥን ሥልጣን የገደበውም ያሰፋውም ይኸው የስጦታ መልኩ ነው።

፩. የቃሉ አመጣጥ

ቻርተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ካርታ» የመጣ ሲሆን፣ የላቲኑም ምንጭ የግሪኩ «ኻርቴስ» ነው። ኻርቴስ በመጀመሪያ የፓፒረስ ቅጠል፣ ቈይቶም መጻፊያ የሆነ ማንኛውም ነገር ማለት ነበር። እንግዲህ ቃሉ በመነሻው የሚያመለክተው የተጻፈበትን ነገር እንጂ የተጻፈውን ሐሳብ አይደለም።

ይኸው የግሪክ ቃል ወደ እኛ በየጊዜውና በየመንገዱ መምጣቱ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የሚያስደስት ነገር ነው። በዐረብኛው «ቂርጣስ» በኩል የግእዙን «ክርታስ» አስገኝቷል። ከጣሊያንኛ «ካርታ» እና «ካርቶን» መጥተዋል፤ ከሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች «ካርድ» እና «ቻርት» ተከትለዋል። የመጨረሻው «ቻርተር» ነው። ስለዚህ አማርኛ ቻርተርን ሲዋስ እንግዳ ሰው አላስገባም፤ በሌላ በር የመጣ የቤተ ሰብ አባል ነው የተቀበለ።

ከእነዚህ መካከል ለጕዳያችን ከሁሉ የሚቀርበው «ካርታ» ነው። ካርታ በአማርኛ የአገር አቀማመጥ የሚታይበት ሥዕልና የመጫወቻ ወረቀት ብቻ አይደለም። «የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው?» ስንል የይዞታ ማረጋገጫውን ሰነድ ማለታችን ነው። ካርታ ያለው ሰው በቦታው ላይ ተከራካሪ ቢነሣበት የሚያቀርበው ማስረጃ አለው፤ ካርታ የሌለው ግን አባቱ የኖረበት ቤት እንኳ ቢሆን በሰው ምስክር ብቻ ይሟገታል። የመካከለኛው ዘመን ላቲን «ካርታ» ለባለቤቱ ያደርገው የነበረውም ይህንኑ ነው። የከተማ ነዋሪ በየቀኑ የሚናገረው ቃል ከታሪኩ ትርጕም ጋር በዚህ መጠን መቀራረቡን አስተውሎ የሚጠቀምበት ተርጓሚ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

፪. የጽሑፉ ቅርጽ

የእንግሊዝ ነገሥታት ጽሕፈት ቤት ያወጣው የነበረው ቻርተር የታወቀ ሥርዐት አለው። መጀመሪያ የንጉሡ ስምና ማዕርግ፣ ቀጥሎ ለሊቃነ ጳጳሳት፣ ለጳጳሳት፣ ለመኳንንትና ለሹማምንት የሚቀርብ ሰላምታ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዋናው ግሥ ይከተላል፤ «ሰጠን፣ ፈቀድን፣ በዚህም ጽሑፋችን አጸናን»። በመጨረሻም የምስክሮች ስም፣ ቦታና ቀን ይጻፋል፤ ማኅተሙም በብራናው ግርጌ ይንጠለጠላል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው የግሡን ጊዜ ልብ ሊል ይገባል። ጽሑፉ «እንሰጣለን» አይልም፤ «ሰጥተናል» ነው የሚለው። ስጦታው የተፈጸመው በቃልና በድርጊት ነው፤ ጽሑፉ የተፈጸመውን ይመሰክራል። ጽሑፍ ባልተስፋፋበት ዘመን መሬት የሚተላለፈው በምስክር ፊት አንድ ቁራጭ አፈር ከነሣሩ ወይም አንድ ቢላዋ በማስረከብ ነበር። ብራናው የተተካው በዚያ አፈርና ቢላዋ ቦታ ነው። ስለዚህ ግሡን ወደ ትንቢት የሚመልስ ትርጕም የምስክርነቱን ጠባይ አጥፍቶ የተስፋ ቃል ያደርገዋል።

ሁለተኛው ነገር የማኅተሙ ነው። ንጉሥ ጆን በ1215 ማግና ካርታን «ፈረመ» ተብሎ ሲጻፍ ይገኛል፤ ይህ ስሕተት ነው። ጽሑፉ የጸናው በፊርማ ሳይሆን በማኅተም ነው። ይሁንና «አተመ» ብለን ብንጽፍ የዛሬው አንባቢ የማተሚያ ቤት ሥራ ሊመስለው ይችላል፤ ምክንያቱም ማተም የሚለው ግሥ ዛሬ ከሁሉ በፊት መጽሐፍና ጋዜጣን ያሳስባል። የሚሻለው «በማኅተም አጸና» ማለት ነው።

ሦስተኛው የተቀባዩ ማንነት ነው። ቻርተር ሁል ጊዜ ተቀባይ አለው፤ ገዳም፣ መኰንን፣ ከተማ፣ ወይም አንድ ሰው። ከተሞች ከተቀባዮቹ መካከል መሆናቸው የዛሬው «የከተማ ቻርተር» የሚለው አነጋገር ከየት እንደ መጣ ያሳያል። ለምሳሌ ያህል ጆን በግንቦት 1215 ለለንደን ነዋሪዎች ከንቲባቸውን በየዓመቱ እንዲመርጡ በቻርተር ፈቅዷል። ያን ጊዜ ከባሮኖቹ ጋር ተጣልቶ ስለ ነበር የከተማይቱን ወዳጅነት ይፈልገው ነበር፤ ሆኖም ለንደን ከሳምንት በኋላ ለባሮኖቹ በሯን ከፈተች። የንጉሡ ስጦታ ወዳጅነቷን አልገዛለትም፤ ከንቲባ የመምረጥ መብቷ ግን ቀረላት።

፫. የ1215ቱ ጽሑፍና ዕድሉ

ጆን በሐምሌ 1214 ቡቪን በተባለው ጦርነት ወዳጆቹ በፈረንሳይ ንጉሥ ድል ሆነውበት ባዶ እጁን ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ለጦርነቱ ባሮኖቹን ብዙ ገንዘብ አስከፍሏቸው ነበር። የዐመፁ መሪዎች ለንደንን ከያዙ በኋላ በሰኔ 15 ቀን 1215 በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በዊንዘርና በስቴይንስ መካከል ባለው ራኒሚድ በተባለ መስክ ላይ ንጉሡ ጥያቄያቸውን ተቀበለ።

ከዋናው ጽሑፍ በፊት የተዘጋጀ ረቂቅ እስከ ዛሬ ይገኛል። ረቂቁ ባሮኖቹ የሚጠይቁትንና ንጉሡ የሚፈቅደውን ነገር በዝርዝር የያዘ ነው። ያ ዝርዝር ወደ ማግና ካርታ ሲለወጥ ግን ጥያቄው ጠፍቶ ስጦታ ሆነ። ንጉሡ ለመንግሥቱ ነጻ ሰዎች ሁሉ፣ ስለ ራሱና ስለ ወራሾቹ፣ ለእነርሱና ለወራሾቻቸው ለዘለዓለም እንደ ሰጠ ተጻፈ። ይህ «ከእኛና ከወራሾቻችን ለእነርሱና ለወራሾቻቸው» የሚለው አነጋገር ከመሬት ስጦታ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። የጽሑፉ ብልኀት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ነጻነት እንደ መሬት ተሰጠ፤ በአገራችን ቋንቋ ለመናገር ርስት ተደረገ። ርስት ደግሞ ሰጪው በሞተ ጊዜ ከሰጪው ጋር አይቀበርም።

ባሮኖቹ ይህን ቅርጽ የመረጡት የሚያውቁት ሌላ አስተማማኝ ቅርጽ ስላልነበረ ነው። ሄንሪ 1ኛ በ1100 ዘውድ ሲጭን መጥፎ ልማዶችን እንደሚያስወግድ በቻርተር አስታውቆ ነበር፤ የ1215ቱ ሰዎችም እርሱን አርኣያ አድርገዋል። አዲሱ ነገር ሌላ ነበር። በ61ኛው አንቀጽ 25 ባሮኖች ተመርጠው ንጉሡ ቃሉን ቢያፈርስ ንብረቱን በመያዝ እንዲያስገድዱት ተፈቀደ። ይህ አንቀጽ ግን ለጽሑፉ ጥፋት ሆነ። ሰጪ ሊገደድ እንዴት ይችላል? የሮም ሊቀ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ በነሐሴ 24 ቀን 1215፣ ማለት ገና 3 ወር ሳይሞላ፣ ጽሑፉ በኀይልና በፍርሀት የተገኘ ነው ብለው ሻሩት። የእርስ በርስ ጦርነትም ተቀሰቀሰ።

ጽሑፉ ከሞት የዳነው ጆን በጥቅምት 1216 ስለ ሞተ ነው። ልጁ ሄንሪ 3ኛ የ9 ዓመት ሕፃን ነበር። የሞግዚትነቱን ሥራ የያዙት ዊልያም ማርሻልና የሮም እንደራሴ ጉዋላ በኅዳር 1216 ጽሑፉን በገዛ ማኅተማቸው እንደገና አወጡት፤ የ25ቱ ባሮኖች አንቀጽ ግን ተሰርዞ ነበር። በ1217 ደግሞ ከደን ቻርተር ጋር ታደሰ። «ማግና» የሚለው ቅጽል የመጣውም ከዚህ በኋላ ነው፤ ከአነስተኛው የደን ቻርተር ለመለየት ትልቁ ካርታ ተባለ።

በ1225 ሄንሪ 3ኛ በራሱ ማኅተም፣ ማንም ሳያስገድደው በበጎ ፈቃዱ እንደ ሰጠ ገልጾ ጽሑፉን አጸናው። ይሁን እንጂ በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ለዚህ ስጦታ ሕዝቡ ከተንቀሳቃሽ ንብረቱ 15ኛውን እጅ ለንጉሡ እንደ ሰጠ ተመዝግቧል፤ ገቢውም ወደ 58,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ተጠግቷል። በጎ ፈቃድና ዋጋ በአንድ ብራና ላይ ተገናኙ። በኋላ ዘመን በሕግ ሲጠቀስ የኖረው የ1215ቱ ሳይሆን ይህ የ1225ቱ ጽሑፍ ነው። ኤድዋርድ 1ኛ በ1297 ሲያጸናውም በሕጎች መዝገብ ላይ ሰፈረ።

፬. ጽሑፉ ሥልጣንን እንዴት ገደበ፣ እንዴትስ አሰፋ

ቻርተሮች የንጉሥን ሥልጣን ገደቡ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 39ኛው አንቀጽ ነው፤ ነጻ ሰው ያለ ፍርድ እንዳይያዝ፣ እንዳይታሰር፣ ንብረቱን እንዳይነጠቅ ይከለክላል። በአስተዳደር ላይ ለውጥ ያመጡት ግን ሌሎቹም አንቀጾች ናቸው። 17ኛው አንቀጽ በተራ ሰዎች መካከል የሚነሣ ክርክር ንጉሡ በሄደበት ሁሉ እየተከተለ እንዳይንከራተት፣ በአንድ በታወቀ ቦታ እንዲታይ አዘዘ። ከሳሽ ከንጉሥ ድንኳን በስተኋላ አገር ለአገር መዞሩ ቀረ፤ ፍርድ ቤት መቀመጫ አገኘ። 35ኛው አንቀጽ የወይን፣ የጠላና የእህል መስፈሪያ በመንግሥቱ ሁሉ አንድ እንዲሆን አለ። 12ኛው አንቀጽ ያለ መንግሥቱ የጋራ ምክር ግብር እንዳይጣል ከለከለ፤ ከ1216 ጀምሮ ቢወጣም በ1225 የታየው የስጦታና የግብር ልውውጥ ልማዱን ሕያው አደረገው። ንጉሥ ገንዘብ በፈለገ ቍጥር ቻርተሩን ማጽናት፣ ሕዝብም ማጽናቱን ባየ ጊዜ ገንዘብ መፍቀድ ተለመደ። የእንግሊዝ ፓርላማ ያደገው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው።

የነገሩ ሌላው ፊት ብዙ አይነገርም። መብት በጽሑፍ ብቻ የሚረጋገጥ ከሆነ ጽሑፉን የሚያወጣው እጅ ይበረታል። የጆን ጽሕፈት ቤት ከ1199 ጀምሮ የሚያወጣቸውን ቻርተሮች በጥቅል ብራና ላይ እየገለበጠ ማስቀመጥ ጀመረ። ስለዚህ የተቀባዩ ብራና ቢጠፋ ወይም ሐሰተኛ ቢሠራ እውነቱ የሚገኘው በንጉሡ ቤት ሆነ። የዚህን ሥራ ዕድገት በማኅተም ሰም መጠን መለካት ይቻላል። በ1220ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ ጽሕፈት ቤት በሳምንት 3.6 ፓውንድ ያህል ሰም ይፈጅ ነበር፤ በ1260ዎቹ መጨረሻ ወደ 32 ፓውንድ ደረሰ። በ40 ዓመት ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ጨመረ ማለት ነው።

ኤድዋርድ 1ኛ ይህን ኀይል እስከ መጨረሻው ተጠቀመበት። ከ1278 ጀምሮ ዳኞቹ የራሱ ፍርድ ቤት ወይም የራሱ ገበያ ያለውን መኰንን ሁሉ «በምን ሥልጣን ይዘኸዋል?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ቻርተር ያለው አሳየ፤ ቻርተር የሌለው «አያት ቅድመ አያቴ ይዘውት ኖረዋል» አለ። ክርክሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ በ1290 በስምምነት ተፈታ፤ ከ1189 አስቀድሞ ጀምሮ ሳይቋረጥ የተያዘ መብት ያለ ጽሑፍም ይጸናል ተባለ። በዚህ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ሐሳብ ሥር ሰደደ፤ በአገሩ ውስጥ ያለ ሥልጣን ሁሉ ምንጩ ንጉሡ ነው የሚል። እንግዲህ ቻርተር ንጉሡን በሰጠው ነገር አሰረው፤ ያልሰጠውን ሁሉ ግን የእርሱ አደረገለት።

፭. በአገራችን፤ የጉልት ጽሑፍ

ጆን እንግሊዝን በሚገዛበት ዘመን በኢትዮጵያ የነገሠው ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ላሊበላ ነበር። የእርሱም የመሬት ስጦታ ጽሑፎች እስከ እኛ ደርሰዋል። የሚገኙት ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ባለችው በሽመዛና፣ በደብረ ሊባኖስ ገዳም «ወንጌል ዘወርቅ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 አሳትሟቸዋል። የአክሱምንና የሌሎቹን የሰሜን አብያተ ክርስቲያናት ጽሑፎች ሀንቲንግፎርድ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1965 አዲስ አበባ ላይ ሲያሳትም በመጽሐፉ ርእስ ላይ የመረጠው ቃል ይኸው «ቻርተር» ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን እኛ አልፈጠርነውም፤ ከእኛ ቋንቋ ወደ እነርሱ የተረጐሙ ሰዎች አስቀድመው ያደረጉት ነው።

መመሳሰሉ እውነተኛ ነው። «ጐለትኩ» የሚለው የግእዝ ግሥ እንደ ላቲኑ በኀላፊ ጊዜ የቆመ ነው፤ ሰጪው ንጉሥ፣ ተቀባዩ ቤተ ክርስቲያን ወይም ሹም ነው፤ ምስክሮች ይጠራሉ፤ ብዙዎቹም የንጉሥ ሹማምንት ወደ ጉልቱ ገብተው ሕዝቡን እንዳያስቸግሩ ይከለክላሉ። ማስጠንቀቂያው ግዝት ነው፤ ስጦታውን የሚያፈርስ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሆናል። በእንግሊዝም ቢሆን በመጨረሻ የታመነበት ማስገደጃ ይኸው ነበር። በ1253 ጳጳሳት በዌስትሚንስተር ተሰብስበው ቻርተሮቹን የሚጥሱትን ሁሉ መብራት እያጠፉ አውግዘዋል። በ1297ም ጽሑፎቹ በየካቴድራሉ ተቀምጠው በዓመት ሁለት ጊዜ ለሕዝብ እንዲነበቡ ታዝዟል።

ልዩነቱም ሊዘነጋ አይገባም። በእኛ ዘንድ የጽሑፉ መኖሪያ የተቀባዩ ወንጌል ነበር፤ ማኅተሙን የተካውም የወንጌሉ ቅድስና ነው። በእንግሊዝ ግን ቅጂው በንጉሡም ቤት ነበር፤ ተቀባዩም ቀስ በቀስ ከአንድ ገዳምና ከአንድ ሰው አልፎ «የመንግሥቱ ነጻ ሰዎች ሁሉ» ሆነ። የጉልት ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ለየብቻው የተሰጠ እንደ ሆነ ቀረ፤ ሥርዐቱም በ1966 በወጣው የጉልት መሻሪያ ሕግና በ1975 በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ አከተመ። ከዚህ የተነሣ ማግና ካርታን «ታላቁ ጉልት» ብሎ መተርጐም አይቻልም። የጽሑፉን ጠባይ ለማስረዳት ግን ከጉልት የተሻለ ምሳሌ ለአማርኛ አንባቢ አይገኝም።

፮. ጥንቃቄ የሚሹ ቃላት

ከዚህ ቀጥሎ በትርጕም ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱ ጥቂት ቃላት ቀርበዋል።

ሀ) ማግና ካርታ። «ታላቁ ቻርተር» የሚለው ትርጕም የክብርን ታላቅነት ያሰማል፤ የመጀመሪያው አሰያየም ግን የመጠንን ትልቅነት ነበር። አማርኛ «ትልቅ»ን ከ«ታላቅ» ስለሚለይ ላቲኑ ያልለየውን ተርጓሚው ለመለየት ይገደዳል። ስለ 13ኛው መቶ ዓመት የስም አወጣጥ ሲነገር «ትልቁ»፣ ስለ ኋለኛው ዘመን ክብሩ ሲነገር «ታላቁ» ማለት ይገባል። በሌላው ሁሉ ስሙን እንዳለ «ማግና ካርታ» ማለት ይሻላል።

ለ) ሊቤርታቴስ። በነጠላ ቍጥር «ነጻነት» ብሎ መተርጐም ያሳስታል። በዘመኑ ቃሉ በብዙ ቍጥር ሲነገር ከግብር፣ ከአገልግሎት ወይም ከሹም ግቢት ነጻ የሚያደርጉ የተለያዩ ጥቅሞች ማለት ነው። «ልዩ መብቶች» ወይም «ነጻነቶች» ይባል።

ሐ) ሊቤር ሆሞ። ቃል በቃል «ነጻ ሰው» ነው፤ ትርጕሙም ትክክል ነው። ነገር ግን በ1215 ከመሬቱ ጋር የታሰረው ገበሬ ነጻ ሰው አይባልም ነበር፤ ስለዚህ «ማንኛውም ሰው» ማለት አይቻልም። ማዕርጉና ሁኔታው ምንም ቢሆን «ማንም ሰው» ወደሚለው የሰፋው በ1354 በወጣው ሕግ ነው። ዛሬ «ተገቢ የሕግ ሥርዐት» የምንለውም ሐረግ በፈረንሳይኛ የገባው በዚያው ሕግ ውስጥ ነው።

መ) ቬል። 39ኛው አንቀጽ የእኩዮችን ፍርድና የአገሩን ሕግ የሚያያይዘው በዚህች ትንሽ ቃል ነው። በላቲን «ወይም» ማለት ሲሆን በዘመኑ አጠቃቀም «እና» የሚሆንበትም ጊዜ አለ። «ወይም» ካልን ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፤ «እና» ካልን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሕግ ሊቃውንት ብዙ የተከራከሩበት ስለ ሆነ ተርጓሚው «ወይም»ን ጽፎ ክርክሩን በግርጌ ማስታወሻ ቢገልጽ ይመረጣል።

ሠ) ባሮን። «መኳንንት» የሹመትን፣ «ባላባት» የትውልድን ሐሳብ ያመጣል። ባሮን ግን በቀጥታ ከንጉሥ እጅ መሬት የያዘ፣ በምትኩም የጦር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ነው። ቃሉን እንዳለ ወስዶ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ማስረዳት ይሻላል።

ረ) ስኩታጊዩም። የቃሉ ፍች «የጋሻ ገንዘብ» ነው፤ በጦር ሜዳ መሰለፍን በገንዘብ መለወጥ ማለት ነው። ጆን በ16 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ አስከፍሏል። ትርጕሙ ያምራል፤ ዳሩ ግን በአማርኛ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ የሚሆን የመሬት መለኪያም ስለ ሆነ አንባቢው በጋሻ መሬት ልክ የሚከፈል ግብር ሊመስለው ይችላል። «የዘመቻ ምትክ ገንዘብ» ማለት አሻሚነቱን ያስወግዳል።

ሰ) ኮንሲሊዩም። «የመንግሥቱ የጋራ ምክር» እንጂ «ምክር ቤት» አይደለም። በ1215 ፓርላማ የሚባል ተቋም አልነበረም።

ሸ) ፎሬስታ። ደን ወይም ጫካ ማለት ብቻ አይደለም። ለንጉሡ አደን የተከለለና በልዩ ሕግ የሚተዳደር ምድር ነው፤ በውስጡ መንደርም እርሻም ነበረበት። «የንጉሥ የአደን ምድር» ቢባል ይገልጸዋል፤ የጽሑፉ ስም ግን የተለመደ ስለ ሆነ «የደን ቻርተር» ተብሎ ሊቀጥል ይችላል።

ቀ) ሸሪፍ። የእንግሊዙ ሹም ስም በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ በእስልምና ከሚታወቀው የክብር ስም ጋር ይመሳሰላል። «የአውራጃ ሹም» ማለት ከዚህ ያድናል።

፯. ማጠቃለያ

ማግና ካርታ ራሱ ከመጀመሪያው የትርጕም ጕዳይ እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። የተጻፈው በላቲን ነው፤ በዚያው ዘመን ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰ ቅጂ ተገኝቷል፤ በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣው ግን ከ300 ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1534 ነው። በእነዚያ ሁሉ ዘመናት በስሙ የሚተዳደረው ሕዝብ የሚያውቀው በሚተረጕሙለት ሰዎች አፍ ነበር። የቃል ምርጫ የመብት ጕዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። አንደኛ፤ ለዘመናዊው መቋቋሚያ ሰነድ «ቻርተር» የሚለው ቃል ስለ ተለመደ ይቀጥል። ሁለተኛ፤ ለመካከለኛው ዘመን ሰነድ በጥቅሉ «የንጉሥ የስጦታ ጽሑፍ» ይባል፤ «ቻርተር» ከተባለም በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ይህ ፍች ይከተለው። ሦስተኛ፤ «የጉልት ጽሑፍ» ለአገራችን ሰነዶች ብቻ ይጠበቅ። አራተኛ፤ «ቃል ኪዳን» በዓለም አቀፍ ሕግ ለሌላ ዐይነት ስምምነት ስለ ዋለ፣ «ሕገ መንግሥት»ም የራሱ የታወቀ ትርጕም ስላለው፣ ሁለቱም ለቻርተር ምትክ አይሁኑ።

በመዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገባው ፍች እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቻርተር (ስም)፤ ፩. በታሪክ፦ ንጉሥ ወይም ሌላ ባለ ሥልጣን መሬትን ወይም መብትን ለአንድ ተቀባይ መስጠቱን የሚመሰክር፣ በማኅተም የጸና ጽሑፍ። ፪. የአንድ ማኅበር፣ ከተማ ወይም ጊዜያዊ መንግሥት መቋቋሚያ ሰነድ። ተዛማጅ ቃላት፦ ክርታስ፣ ካርታ።

በአገራችንም የ1931ዱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ሆኖ እንደ ቀረበ የሚያስታውስ አንባቢ፣ በስጦታ መልክ የሚመጣ መብት ሁለት ፊት እንዳለው ይረዳል። ሰጪው «የሰጠሁ እኔ ነኝ» ብሎ ሊኰራበት ይችላል፤ ተቀባዩም «ከሰጠኸኝ በኋላ የእኔ ነው» ብሎ ሊሟገትበት ይችላል። የእንግሊዝ ታሪክ የሚያሳየው ሁለተኛው ክርክር ያሸነፈው ጽሑፉ በየጊዜው ስለ ተነበበ፣ ስለ ተገለበጠና ስለ ተጸና መሆኑን ነው። ተርጓሚው ስጦታውን ስጦታ ብሎ ሲጽፍ ይህን ሁለቱንም ፊት ለአንባቢው ያስተላልፋል፤ ውል ወይም ሕገ መንግሥት ብሎ ሲጽፍ ግን ክርክሩን ሳይጀመር ይዘጋዋል።